«ደረቅ ናት»

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከሠራተኞች ክበብ አጥር በስተጀርባ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። በ1978 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ እዚያ ከኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። የክበቡ የኋላ በር ተከፈተና አጠር ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። መንገዷን ጠረገ። መጥረጊያው ያለፋቸውን ጠጠሮች ጎንበስ እያለ በእጁ ለቀመ። አቧራው እንዳይነሳ በቆርቆሮ ውሃ አምጥቶ ረጨ። ከግንቡ ሥር የነበረውን አግዳሚ ወንበር ጥላ ወዳለበት ጎትቶ በኮቱ እጅጌ ወለወለው። ከዚያ ማንንም ሳይጠብቅ ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ከሶላት የሚመለስ ሌላ ሽማግሌ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ የታጠቀ ነው። በግራ እጁ ከዘራ ይዟል፤ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። «ቢስሚላህ» ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እርጥቡን መሬት በከዘራው ነካ ነካ አደረገና «ዛሬም ጠርገዋታል፤ አላህ ይስጣቸው» አለ ለራሱ። በበሩ ስንጥቅ በኩል ግን አንድ ዓይን ያየው ነበር።

ይህን የመሰለ ደግነት በዚህ ዘመን ማየቱ ጸሐፊውን ደስ አሰኘው። በማግሥቱ ባለ መጥረጊያውን አግኝቶ «አባቴ፣ የትናንቱን አይቻለሁ። እግዚአብሔር ዋጋዎን ይክፈልዎ» አለው።

ሽማግሌው ፊቱ ጠቆረ።

«ደግነት መሰለህ? ደግነት ቢሆንማ በሩን ከፍቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።»

ስሙ ወልደጻድቅ ነው። የዚያን ዕለት ሌላ ቃል አልተናገረም። ቀስ በቀስ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ የሚከተለውን ተናገረ።

ወልደጻድቅ ድሬዳዋ የገባው በ1938 ዓ.ም.፣ በሃያ ዓመቱ ነው። አጎቱ ከባቡር ሲያወርደው «ሙቀቱን ሦስት ቀን ከቻልከው ሠላሳ ዓመት ትችለዋለህ» አለው፤ ቻለው። የመጀመሪያ ሥራው የከዚራን የመንገድ ዳር ዛፎች ውሃ ማጠጣት ነበር። በርሜል የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከዛፍ ዛፍ ይዞራል። ውሃውን ገልብጦ አይሄድም፤ መሬቱ እስኪጠጣ ቆሞ ያያል፣ ይጨምራል፣ እንደገና ያያል። አንድ ፈረንሳዊ የባቡር መሐንዲስ ይህን ልማዱን በመስኮት ሲያይ ከርሞ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠራውና «አንተ መሬት ማጠጣት ታውቃለህ» ብሎ ወደ ክበቡ ጓሮ ወሰደው። ሰው ሁሉ ፈረንጅን እንደሚጠራው «ሙሴ» ይለው ስለነበር ትክክለኛ ስሙን ወልደጻድቅ እስከ ዛሬ አያውቅም።

በጓሮው የቡል መጫወቻ ሜዳ ነበር። ቡል ፈረንሳዮቹ ከባቡሩ ጋር ያመጡት ጨዋታ ነው። አንዲት ትንሽ የእንጨት ኳስ ራቅ ተደርጋ ትቀመጣለች። ከዚያ ተጫዋቾች ብርቱካን የሚያካክሉ ከባድ የብረት ኳሶችን በተራ ይወረውራሉ። ለትንሿ የቀረበው ነጥብ ያገኛል፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ሕፃን እንኳ የሚገባው ጨዋታ ነው። የሚያስቸግረው መሬቱ ነው።

መሬቱን ወልደጻድቅ በብዙ ዓመት አወቀው። ሁለት ቀን ውሃ ያላየ፣ በእጅ በሚጎተት የድንጋይ ዳምጠው የተዳመጠ ሜዳ ላይ ኳስ ጠረጴዛ ላይ እንዳለች ትሮጣለች፤ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነው። ነፋስ ከበረሃው በኩል መጥቶ ስስ አቧራ ካለበሰው ግን ያችው ኳስ አካሄዷ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ትፈጥንና መጨረሻ ላይ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ትላለች። ማለዳ ውሃ የተረጨ መሬት እስከ አራት ሰዓት ከባድ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ቅርፊት ታወጣለታለች፤ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ይሆናል። ከሁሉም አታላዩ ይህኛው ነው። አሸዋውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ከደቻቱ ወንዝ መሐል የሚወጣው ሻካራው ኳስን ከመንገዷ ያስወጣል። ጎርፍ ዳር ላይ ጥሎት የሚሄደው ደለል ደግሞ በወንፊት ሲነፋ እንደ ዱቄት ይልማል፤ ኳስ ይውጣል። ወልደጻድቅ አሸዋውን በራሱ ጋሪ ያመጣል፣ በራሱ ወንፊት ይነፋል፣ በተረከዙ እየተጫነ ይፈትሻል። ትምህርት ቤት አልገባም፤ ዳዊት መድገም እንኳ የቻለው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ለብቻው ፊደል ቆጥሮ ነው። ይህን የመሬት እውቀት ግን እግዚአብሔር ለእርሱ ብሎ የሰጠው ስለሚመስለው፣ ጠዋት የሜዳውን በር ሲከፍት ያማትብ ነበር።

በዚያ ሜዳ አንድ ልማድ አለ። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ማንም መሬቱን በእጁ አይነካም፣ በጫማው አይረግጥም። ይጠይቃል። «ወልዴ፣ ዛሬ እንዴት ናት?» ይባላል። ወልደጻድቅም «ደረቅ ናት»፣ ወይም «ጠጥታለች»፣ ወይም «ቅርፊት አላት፣ ተጠንቀቁ» ብሎ ይመልሳል። ለወዳጅም ለባዳም፣ ለአለቃም ለተራ ሠራተኛም እኩል ይናገራል። ፈረንሳዮቹ አንድ በአንድ ሄዱ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት መጣ፣ የክበቡ ስም ተቀየረ። ጥያቄው ግን እንዳለ ቆየ።

ከሁሉም አብልጦ የሚጠይቀው፣ በሶማሊኛ «ዋሪያ»፣ አንተዬ፣ እያለ የሚጠራው ሰማታር ነበር። ሰማታር ያ ከዘራ የያዘው ረጅም ሰው ነው። ያኔ የባቡር ነጂ ነበር፤ ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከድሬዳዋ አዋሽ ሃያ ሦስት ዓመት ነድቷል። እሱ ሲነዳ ተሳፋሪ የያዘው ሻይ አይፈስም ይባል ነበር። ቡል አጨዋወቱም እንደ አነዳዱ ነው። ሌላው ኳሷን ወደ ላይ ሲያጎናት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከቆመበት አራት እርምጃ ላይ መሬት ያስነካታል። የቀረውን መንገድ ራሷ ትሄደዋለች፤ ሄዳ ሄዳ ትንሿ ኳስ አጠገብ ትቆማለች። «ጣቢያ ገባች» ይላል ሰማታር፣ ዞር ሳይል።

«ዋሪያ ወልዴ፣ ዛሬ እንዴት ናት?»

«ደረቅ ናት።»

«እንደ ፆም ወጥህ?»

«እንደ ረመዳን ጉሮሮህ።»

ይሳሳቃሉ። ለፋሲካ ሰማታር ይመጣል፣ ለኢድ ወልደጻድቅ ይሄዳል። ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ሩዙና ሻዩ ግን የጋራ ነው። የሰማታር ሚስት ስትሞት መቃብር ወርዶ ድንጋይ ያቀበለ ወልደጻድቅ ነው። የወልደጻድቅ ሚስት ተሻለች ወባ ይዟት ስትቃዥ፣ ከጅቡቲ መድኃኒት በኪሱ ይዞ የመጣው ሰማታር ነው።

በ1974 ዓ.ም. የክበቡ ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ የሚባል ሰው ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወልደጻድቅ ይህን ደጋግሞ ይናገራል። ወፍራም፣ ቶሎ የሚያልበው፣ ንግግር ሲያደርግ ወረቀቱ እጁ ላይ የሚርስበት ሰው ነው። ቡል የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። ኳሷን ዝንጀሮ እንደሚያባርር ሰው ወደ ላይ ያጎናታል፤ ደረቅ መሬት ላይ ወርዳ ትነጥርና ግንቡ ጋ ትደርሳለች። ሚያዝያ 23፣ በላብ አደሮች ቀን፣ እንግዶች ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ሊቀመንበሩና ሰማታር ወዳጃዊ ግጥሚያ እንዲያሳዩ ተወሰነ።

በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጓድ ጉግሳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ሜዳው መጣ። መጀመሪያ ያየው ሜዳውን ሳይሆን፣ ከሜዳው ጫፍ ያለችውን ወልደጻድቅና ተሻለች የሚኖሩባትን ክፍል ነበር።

«ይቺ ቤት ያንተ ናት?»

«የክበቡ ናት፣ ጓድ። ሃያ ዓመት ኖርንባት።»

«ጠባብ ናት። ዕቃ ግምጃ ቤት ትሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እስቲ እናያለን።» ላቡን ጠረገ። ወደ ሜዳው ዞረና «ነገ እንግዶች አሉብን። ሜዳውን አለስልሰው። አደራ» ብሎ ሄደ።

ወልደጻድቅ ቆሞ ቀረ። አለስልሰው። ምን ማለት ነው? መሬት ለሰለሰ ሲባል፣ ጎርባጣው ጠፍቶ ተስተካከለ ማለትም ይሆናል፤ ላላ፣ ረጠብ አለ ማለትም ይሆናል። በሌላ ጊዜ ቢሆን «የቱን ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ግን አለቃን መልሶ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ትእዛዝን በጆሮው ሰምቶ አያበቃም፤ የተባለውን ትቶ ያልተባለውን ይፈልጋል። ወልደጻድቅም ፈለገ፤ ፈልጎም አገኘ። ቤቱንና ሜዳውን አንድ ላይ ሰፋቸው፤ ሊቀመንበሩ ካላሸነፈ ቤቷ ትሄዳለች ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

«ምን አለህ?» አለችው ተሻለች።

«አለስልሰው አለኝ።»

«እና አለስልሰዋ!»

«የትኛውን ማለስለስ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ቤታችንን የማያስወስደውን።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥራውን ጀመረ። ሰማታር ኳሷን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ ከመወርወሪያው አራት እርምጃ። እዚያ ላይ፣ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚሞላውን ያህል ስፋት፣ መሬቱን በመቆፈሪያ ላላ አደረገው፤ ከደቻቱ ዳር ያመጣውን ደለል ቀላቀለበት፤ ውሃ አጠጣው፤ እስኪጠጣ ቆሞ አየ፣ ጨመረ፣ እንደገና አየ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ የሊቀመንበሩ ኳስ ከሰማይ የምትወርድበትንም እንዲሁ አደረገ። መሐሉን ግን እንደ ነበረ፣ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ተወው። በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይዋ ቅርፊቷን አወጣች። እሱም ደረቅ አቧራ በወንፊት ነፍቶ ከላይ አለበሰው፤ በጣውላ አስተካከለው። ከዳር እስከ ዳር አንድ መልክ ሆነ። ሠላሳ ዓመት የተማረው ጥበብ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። በሩን ሲከፍት ሳያማትብ እንደ ቀረ ትዝ ያለው በኋላ ነው።

እንግዶቹ በወንበር ተቀመጡ፤ ሠራተኛው በአጥሩ ዙሪያ ቆመ። ሰማታር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኳሶቹን በመሐረብ እየወለወለ መጣ። ፈገግ አለ።

«ዋሪያ ወልዴ፣ ዛሬ እንዴት ናት?»

ወልደጻድቅ ጣውላውን ይዞ ከሜዳው ዳር ቆሟል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መመለስ ይቻል ነበር። «ቅርፊት አላት» ማለት በቂ ነው፤ ሁለት ቃል። ሊቀመንበሩ ከሰማታር ኋላ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ደረቅ ናት» አለ።

«እንደ ፆም ወጥህ?»

ወልደጻድቅ ጣውላውን ግንቡ ላይ ሊያስደግፍ ዞረ። ሰማታር ለእንግዶቹ ክብር ብሎ ዝም ያለ መሰለው።

የመጀመሪያዋን ኳስ ለቀቃት። እንደ ወትሮዋ አራት እርምጃ ላይ አረፈች፤ አረፈችና ቅርፊቱን ሰብራ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ቆመች። ሰው አጉረመረመ። ሰማታር እጁን አየት አደረገና በሁለተኛዋ ላይ ኃይል ጨመረ። ይህችኛዋ ለስላሳውን ዘልላ ጠንካራው ላይ አረፈች፤ ሽው ብላ ትንሿን ኳስ አልፋ ግንቡን መታች። የሻይ ቤቱ ቡራሌ ከአጥሩ ላይ ጮኸ፤

«ሰማታር! ቅድም ፍሬን ያዝክ፣ አሁን ደግሞ ጣቢያውን አለፍክ! የት ልታወርደን ነው?»

«ዝም በል አቦ፣ ቲኬት ሳትቆርጥ ተሳፍረህ!» አለ ሰማታር። ሕዝቡ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሦስተኛዋም አጠረች።

የጓድ ጉግሳ ኳስ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ወረደች፣ ጭቃ ውስጥ እንደ ወደቀ ሎሚ ባረፈችበት ቀረች። ጭብጨባ ሆነ። እሱ ራሱ ገርሞት ዙሪያውን ተመለከተ።

እንዲህ እያለ ሄደ፤ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ሰማታር አጫጭር ቀልዱን አቆመ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ደግሞ ሜዳውን በጣውላ ማስተካከል የወልደጻድቅ ሥራ ነው። ይገባና ኳሷ የቆፈረችውን ጉድጓድ ይደፍናል፣ የተሰበረውን ቅርፊት ይሸፍናል፣ አቧራ ይበትንበታል። ስምንት ጊዜ ገባ። ስምንት ጊዜ በገዛ እጁ ማስረጃውን አጠፋ። ጨዋታው አሥራ ሦስት ለአራት አለቀ።

ወልደጻድቅን እስከ ዛሬ የሚያባንነው ሽንፈቱ አይደለም። ሰማታር አንድ ጊዜ እንኳ መሬቱን አለማየቱ ነው። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይነካው ነበር። ሰማታር ያየው እጁን ብቻ ነበር። ምን ብሎ መሬቱን ይጠርጥር? ወልዴ ደረቅ ናት ብሎታል።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሰማታር ወደ ሜዳው መጣ። ኳሶቹን አልያዘም።

«ወልዴ፣ ከባቡሩ ወረድኩ።»

«ከየት? አሁን ከጅቡቲ መጣህ?»

«አይ፣ ወረድኩ ነው የምልህ። አለቆቼን ሌላ ሥራ ስጡኝ አልኳቸው። የፋኖስ ዕቃ ቤት ሰጡኝ።»

«ምን ሆነህ? ለምን?»

ሰማታር ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየው። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። «አየሃት እኮ በዓይንህ። ትንሽ ልቀቂ ስላት ታሳጥራለች፤ ጨምሪ ስላት ታበዛለች። ቡል ቢሆን ግድ የለም፤ ይሳቅብናል፣ ያልፋል። ባቡር ላይ ግን ኋላዬ ሕዝብ አለ፤ እናቶች አሉ፣ ሕፃናት አሉ። በማላውቃት እጅ ፍሬን ልይዝ? ወላሂ አላደርገውም።»

«ሐኪም አላየህም?»

«አየኝ። ምንም የለህም አለ።» ሰማታር ሳቅ አለ። «ሐኪሙ ቡል አይጫወትም።»

ወልደጻድቅ አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ብቻ ሆነ። እውነቱን ነው፤ እግዚአብሔር ያውቅ ነበር። ከእግዚአብሔር ሌላም አንድ ሰው ያውቅ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። ቤቷን ማንም አልነካትም። ወልደጻድቅ ራሱን የሚያጽናናበት አንድ ነገር ነበረው፤ ታዝዤ ነው፣ ሰው አስገድዶኝ ነው ይል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ጓድ ጉግሳ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ሊሰናበት ወደ ሜዳው መጣና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ወልደጻድቅ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ» አለ። «ያን የሜይ ዴይ ጨዋታ ታስታውሰዋለህ? ሰማታር ሆን ብሎ ነው የለቀቀልኝ፣ አይደል? በእንግዶች ፊት እንዳላፍር ብሎ። አውቄበታለሁ። እኔ መች ቡል አውቃለሁና! ላመሰግነው ፈልጌ አፈርኩ።»

ወልደጻድቅ ዓይኑን አፈጠጠበት። «ጓድ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ሜዳውን አለስልሰው ያሉኝ?»

«አዎ፤ እንግዶች ይመጡ የለ! ድንጋይና ቅጠል ሞልቶት ቢያዩ ምን ይሉናል? ጽዳቱ በጣም አምሮ ነበር፤ ያኔም ላመሰግንህ ይገባ ነበር።»

«የቤቴስ ነገር?»

«የምን ቤት?» አለ ጉግሳ። ረስቶታል።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ወልደጻድቅ ከተቀመጠበት መነሳት አቃተው። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ያስገደደው ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ሰማታር ደግ ስለሆነ አሸነፍኩ ብሎ ያምናል፤ ሰማታር እጄ ከዳችኝ ብሎ ያምናል። በመሐላቸው እውነቱን ይዞ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ የሚጠጋበት ሰበብም አልቆበታል።

ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ። አባ ሁሉንም ሰሙ።

«ስግደት ልስጥህ?» አሉት። «ብሰጥህ ትሰግዳለህ፣ አውቅሃለሁ። ሰማታር ግን ባንተ ስግደት እጁን ከኪሱ አያወጣም። ሂድና ንገረው።»

«ቢጠላኝስ፣ አባ?»

«ልጄ፣ አሁን የሚወድህ እኮ ያላወቀህን አንተን ነው።»

ሄደ። አንድ ጊዜ ሰማታር እንግዳ ነበረበት፤ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ሙቀቱ አውርቶ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ገብቶ ተቀመጠ። ሰማታር ሻይ በግራ እጁ ቀዳለት።

«ሰማታር፣ ስለዚያች ጨዋታ...» አለ ወልደጻድቅ።

«ተዋት! ሰው ሁሉ እየመጣ ይዋሸኛል። እጅህ ደህና ናት፣ ቀኑ ነው ይለኛል። ቡራሌ፣ እንግዶቹ አስደንግጠውህ ነው ይለኛል። አንተ ብቻ ነህ እንዲህ ብለህ የማታውቀው። ያየኸውን አይተህ ዝም አልክ። ለዚህ ነው ወልዴ፣ ካንተ ጋር ስሆን የማላፍረው።»

ወልደጻድቅ ሻዩን ጠጥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት አልሄደም። ሰማታር ሥራ በዝቶበት ነው ብሎ ለሰው ተናገረለት እንጂ አልተቀየመውም።

በ1978 ዓ.ም. የካቲት፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የሰማታርን ልጅ ሆዳንን አገኛት። ሎሚ እየመረጠች ነበር፤ ደረቷ ላይ በሻሽ የተጠቀለለች ጨቅላ አለች።

«አባባ ወልዴ! ጠፉብን እኮ! ይቺ ናት ሰምሰም፤ ይዩዋት። አርባ ቀኗን ባለፈው ሳምንት ሞላች።»

«እግዚአብሔር ያሳድጋት! አያቷ ደስ አለው?»

የሆዳን ፊት ተለወጠ። ሎሚውን አስቀመጠች። «አንድም ቀን አላቀፋትም። ከሩቅ ያያታል፤ ይዘምርላታል፤ ተኝታ ሳለ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዝንብ ያባርርላታል። ያዛት ስለው እጁን ኪሱ ይከታል። ‹ይቺ እጅ ትጥላታለች› ይላል። አባባ ወልዴ፣ እርስዎን ይሰማል። ለኔ ብለው ይምከሩት።»

ሕፃኗ ዓይኗን ከፍታ አየችው። ወልደጻድቅ ወደ ሎሚው ጎንበስ አለ። ሎሚውን አንስቶ ከረጢቷ ውስጥ እየጨመረላት ሳለ አንዱ ወደቀበት።

መንገዷን መጥረግ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ሌላ ምን ማድረግ እንደሚችል አላወቀም። ሰማታር እንዳይደናቀፍ፣ አቧራ እንዳይነሳበት፣ ፀሐይ እንዳያገኘው። ጠርጎ በሩን ሲዘጋ ትንሽ ቀለል ይለዋል፤ በስንጥቁ ሲያይ ግን ያች እጅ ኪስ ውስጥ ናት፤ ቀለል ያለው ተመልሶ ይከብደዋል።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ጽፎ ጨርሶ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ አነበበለት። ወልደጻድቅ ራሱን ደፍቶ አዳመጠ። ስለ ደለሉ የተጻፈውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ደረቅ ናት» የሚለው ቦታ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያልቅ ጸሐፊው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁለታችሁም በሕይወት አላችሁ። ሕፃኗም ገና ናት» አለው።

«ገና ናት» አለ ወልደጻድቅ። መሬቱን በተረከዙ ተጫን ተጫን አደረገ። ከዚያም «አንድ ነገር ልለምንህ?» አለ።

«ይለምኑኝ፣ አባቴ።»

«ነገ ሰማታር ቤት አብረን እንሂድ። ሆዳን እንድትኖር እልክባታለሁ፤ ሕፃኗም ትኑር። ያነበብክልኝን ለሱ አንብብለት። እኔ ስጀምረው አፌ ወደ ሙቀቱ ይሄዳል፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንተ ስታነብ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ልነሳ ስል ካየኸኝ አታቋርጥ፣ ቀጥል።»

«እሺ፣ አነብለታለሁ።»

«አላለቀም። ሊቀመንበሩ ስለ ቤቴ ያለውን፣ ያ ዘመን እንዴት እንደነበረ፣ ሰው ምን ያህል ይፈራ እንደነበረ የጻፍከው አለ አይደል? እሱን ዝለልልኝ። መሬቱን፣ ውሃውን፣ ያልኩትን ቃል ብቻ አንብብለት። ለምን እንዳደረግኩት ከጠየቀኝ፣ እኔው በአፌ ልንገረው።»